ያልተቀባችው ብሎን

ቀኑን ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ሰው ሲጭንና ሲያራግፍ የሚውል ሹፌር፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና ቢያምረው ማን ይፈርድበታል? ሚስቱ ትፈርድበታለች። ፈርዳበታለችም።

መኪናዋ ግቢ የገባችው በጭነት መኪና ላይ በገመድ ተጠፍራ ነው። ጎማ የላትም። አንድ መብራቷ ወልቆ ባዶ ጉድጓዱ ያፈጣል። የሚታጠፈው የሸራ ጣሪያዋ ተበጣጥሶ እንደ አሮጌ ሻሽ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ የልብስ ሳፋዋን ታቅፋ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። መኪናዋን አየች፤ ባሏን አየች፤ ደግማ መኪናዋን አየች።

«ጣውንት አመጣህብኝ?» አለች።

«ስፖርት መኪና ናት እኮ!» አለ ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ። «በደህናው ዘመን ይቺ መንገድ ላይ ስታልፍ ሰው ሥራውን ትቶ ነበር የሚያያት።»

«አሁን ሥራዬን የምተው እኔ ነኛ! ልብሴን የት ላስጣ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም ጣውንት ሆኖ ቀረ። ጎረቤቱም ጣውንት፣ የሰፈሩ ልጆችም ጣውንት። ስትጠራ አቤት አትልም እንጂ ስሙን ሳታውቀው አትቀርም።

የሹፌሩ ልጅ ያኔ ጉልበቷ ላይ ቁስል የማይጠፋ፣ አፏ እንደ አውቶቡስ ጥሩንባ በትንሽ ነገር የሚጮህ ልጅ ነበረች። አባቷ «ረዳቴ» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲቆጡ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ቁመቷ ከአባቷ ወገብ አያልፍም ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ትከሻው ጋ ደርሳለች። በመሃል የመሥሪያ የቆርቆሮ ዳስ ተሠራች፣ ዝገቱ ተፋቀ፣ የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ተተካ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ ተቀባ፣ አልወደዱትም፣ እንደገና ተፈገፈገ። የልጅቷ የጣት አሻራ እስኪጠፋ ድረስ ተፈገፈገ። ትምህርት ቤት አንዷ ጓደኛዋ እጇን ይዛ «ምን ሆነሽ ነው እንደ ግድግዳ የሻከርሽው?» ስትላት፣ «መኪና እያሳደግኩ ነው» ብላ መለሰችላት።

የአባቷ ጣቶች ወፋፍራም ናቸው፤ መሪ እንጂ ሌላ ነገር አይዙም። ሞተሩ ሥር፣ ከራዲያተሩ ኋላ፣ መሪው ከሚወርድበት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የወደቀችን ብሎን ሁሉ የሚያወጣት የልጅቷ እጅ ነው። የእያንዳንዱ ብሎን ቆርቆሮ የት እንዳለ ታውቃለች። የበሩ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ የወንበሩ በብስኩት ቆርቆሮ፣ የምን እንደሆነ ያልታወቀው ደግሞ እጀታው በተሰበረ ኩባያ። አባቷ «አስራ ሦስት ቁጥሯ የት ገባች?» ሲል ገና ሳይጨርስ እጁ ላይ ናት።

እና ደግሞ ምስጢር ነበራቸው። አንድ ጊዜ ካርቡራተሩ፣ ያው ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ዕቃ፣ ቆሻሻ ደፍኖት አልጸዳ አላቸው። አባቷ ግራ ቀኝ አየና የእናቷን ትልቁን ድስት አወጣ። ቀቀሉት። እንደ ድንች ቀቀሉት! ድስቱን በአሸዋ በሳሙና ፈትገው መለሱና፣ አባቷ በግራ ዓይኑ ጠቀሳት።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

በነጋታው እናቷ ሾርባውን ቀምሳ «ይሄ ነገር ቤንዚን ቤንዚን አይላችሁም?» ብትል፣ ልጅቷ ዓይኗን ሳታሽ «ሽንኩርቱ ነው እማዬ፣ የዘንድሮ ሽንኩርት እንደዚህ ነው» አለች። አባቷ በሳቅ ሾርባው ትን ብሎት ሊሞት! ያቺን ጥቅሻ ልጅቷ ከሁሉ ነገር በላይ ትወዳት ነበር። ክፍል ውስጥ አንደኛ ብትወጣ እንደዚያ አትኮራም። ወጥታም አታውቅ።

አባቷ አንድ የሥራ አመል አለው፤ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ጋራዥ ያመጣው ነው። ጠብቃ ያለቀች ብሎን ምልክት ካልተደረገባት እንደላላች ይቆጥራታል። ምልክቷ ከብሎኗ ራስ ተነስታ አጠገቧ ወዳለው ብረት የምትሻገር ቀጭን መስመር ናት። ብሎኗ ትንሽ ከዞረች መስመሯ ለሁለት ትሰበራለች፤ ቁልፍ ሳያነሱ በዓይን ብቻ ይታወቃል። እሱ ያጠብቃል፣ እሷ ትሞክራለች፣ እሷው ታሰምራለች። ለማስመሪያ የሚሆን ቀለም ሲያጡ፣ ከእናቷ መሳቢያ አንዲት ቀይ የጥፍር ቀለም እግር አውጥታ ሄደች።

«ቀለሜን ማን ወሰደብኝ?» ብላ እናቷ ቤቱን ስትገለብጥ፣ መኪናዋ ሥር የተኛው አባት ሳል ያዘው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ጣውንት አማረባት። ጥቁር አረንጓዴ ሆነች፤ ጎንበስ ብሎ ያያት ጥርሱን ሊፍቅባት ይችላል። ወንበሮቿን መንገዱን ተሻግረው ያሉት ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው በአዲስ ቆዳ ሰፉላቸው። ሰውየው ሜትራቸውን ከአንገታቸው የማያወርዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲተኙም ሳያደርጉት አይቀሩም። የቀረ እንከን ቢኖር የቀኙ በር ነው። ማጠፊያው ተልፈስፍሶ ዝም ብለው ሲስቡት አይዘጋም። መጀመሪያ በእጀታው ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ሳብ፣ ከዚያ ጠቅ ይላል። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊው ወንበሩን የገጠሙ ቀን ታግለው ታግለው «ይሄ በር ነው ወይስ በቅሎ?» ብለው ክፍቱን ጥለውት ሄዱ።

አራቱ ጎማዎች የገቡ ዕለት፣ ልጅቷ እየዞረች አሰመረች። በመጨረሻ በቀኝ በኩል ያለው የፊት ጎማ ጋ ደርሳ አምስተኛዋ ብሎን ላይ ብሩሿን ስታሳርፍ አባቷ እጇን ያዛት።

«ይቺን ተያት።»

«ላልታለች እንዴ?»

«አልላላችም። ይቺ ባንቺ ወንበር በኩል ያለች ናት። ሞተሩ የሚነሳ ቀን ቁልፉን አንቺ ታዞሪያለሽ። ከዚያ ጎኔ ቁጭ ትይና አንድ ዙር ዞረን እንመጣለን። ስንመለስ ይቺን ትቀቢያታለሽ። ያኔ ነው ሥራው አለቀ የሚባለው።»

«መጀመሪያ ግን እኔ ነኝ አይደል? ከሁሉ መጀመሪያ?»

«ረዳት ሳትገባ አውቶቡስ ይሄዳል?»

«እማዬስ?»

«እናትሽማ ጣውንቷ ላይ ትቀመጣለች እንዴ!» አለና በግራ ዓይኑ ጠቀሳት።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎማው ሥር ቁጢጥ ትላለች። አራት ቀይ መስመር፣ አንዲት ራቁቷን ብሎን። ራቁቷን ናትና ከሁሉም በላይ የምታምረው እሷ ነበረች። አንዳንድ ሰው ለልደቱ ቀን ይቆጥራል፤ እሷ ብሎን ታያለች።

የቀረችው ዕቃ አንዲት ናት። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ተቃጥሎ፣ የተቃጠለ ሽቦ የሚያድሰው ሽቦ ጠምዛዡ ጋ ሄዷል። «ቅዳሜ ይደርሳል» አለ አባቷ። «ቅዳሜ እናስነሳታለን።» ልጅቷ ፈተና ላይ ነበረች። ለፈተናውም ጸለየች፣ ለሞተሪኖውም ጸለየች፤ ለየትኛው አብዝታ እንደጸለየች ውጤቱ ሲመጣ ታወቀ።

ቅዳሜ ሳይደርስ በመሃል አንድ ቀን ከፈተና ስትመለስ፣ እናቷ ልብስ እያሰጣች ታዜማለች። እናቷ ልብስ ስታሰጣ ትራገማለች እንጂ አታዜምም። ልጅቷ ገረማትና አለፈች። እንደ ልማዷ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለች።

አምስት ቀይ መስመር።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠችው። አሁንም አምስት። ጣቷን ሰዳ ነካችው፤ ደርቋል። እንዲያውም ከሌሎቹ እኩል ደርቋል፣ ከሌሎቹ እኩል ያብለጨልጫል። ራቁቷን የነበረችው ብሎን እንደ እህቶቿ ለብሳ ቁጭ ብላለች።

አባቷ ቧንቧው ጋ እጁን በዱቄት ሳሙና እየታጠበ ነበር።

«አባዬ፣ ይቺን ማን ቀባት?»

«የቷን?»

«ይቺን። የኛን!»

አንገቱን ቀለስ አድርጎ አየ። ቶሎ መለሰው። «እንጃ። ራስሽ ቀብተሻት ይሆናላ።»

«እኔ?»

«ፈተና ላይ ነሽ፤ ጭንቅላትሽ ሞልቷል። ባለፈው ስታሰምሪ አብረሽ ነክተሻት ይሆናል።»

«ትናንት እኮ አይቻታለሁ! ባዶ ነበረች!»

«ረዳቴ» አለ አባቷ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ሰው ያልቀባውን የቀባ፣ የቀባውን ያልቀባ ይመስለዋል። ሲደክም ያለ ነው።»

«ሞተሪኖው መጣ እንዴ?»

«ቅዳሜ ነው አልኩሽ እኮ። ሂጂ ምሳሽን ብዪ።»

እሷም ሄደች። ምን ታድርግ? አባቷ ነዋ። አባቷ ካላት ሁለት ሰው አንዱ ነው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ከጣውንቷ ጋር የተኳረፈች እናቷ ናት። ለማንኛውም ወጥ ቤት ገብታ ሞከረቻት።

«እማዬ፣ ዛሬ አባዬ መኪናዋን ነክቷት ነበር?»

«እኔን ከጣውንቴ ጋር ምን አገናኘኝ?» አለች እናቷ፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ። ትከሻዋ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደሚስቅ ሰው። ልጅቷ የተለመደው ፌዟ መሰላት።

በቀሩት ፈተናዎች ልጅቷ ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ የምታየው ብሎን ነበር። መቼ ቀባኋት? ቁጢጥ ብዬ? ብሩሿን በየትኛው እጄ ይዤ? የሁሉንም ቆርቆሮ ቦታ የማውቅ ሰው ይቺን እንዴት እረሳለሁ? ጥፍሯን ሥር ሥሩን መረመረች፤ ቀይ ነገር የለም። ቢኖርስ ምን ያረጋግጣል፤ ሁልጊዜ ይኖራል። በመጨረሻ ራሷን አሳመነች። ደክሞኝ ነው። አባዬ ካለ ነው። ይኸውና፣ አፏ እንደ ጥሩንባ የሚጮኸው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቷ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። መኪና ለማስነሳት የተተኮሰ ሸሚዝ! ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን ባንገታቸው አድርገው መጥተዋል፤ እናቷም እጇን አጣጥፋ በረንዳው ላይ ቆማለች። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቷ ቁልፉን በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣት።

«በይ ረዳቴ። ያንቺ ቀን ነው።»

በግራ በኩል ገብታ መሪው ኋላ ተቀመጠች። ያቺን ብሎን ረሳቻት፤ ሁሉን ነገር ረሳች። ቁልፉን አዞረች።

ልብስ ሰፊው አጨበጨቡ።

ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር። እሳቸው አጨበጨቡና፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ደግሞ አነሳሱ! ስንት ዘመን የተኛ ሞተር ሲቀሰቀስ ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይጠፋል፣ ይለመናል። ይቺ ግን በመጀመሪያው ቁልፍ፣ እንደ ጠዋት አውቶቡስ፣ እሺ ብላ ተነሳች። ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው። የራሱን ሞተር ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሞተሩን ያያል፤ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ይለጥፋል። አባቷ ሞተሩን አላየም። የሚያየው እሷን ነበር። ተደስታ እንደሆነ።

«እሰይ!» አለ። «እሰይ! በመጀመሪያው ሙከራ!»

«ተመስገን ነው» አሉ ልብስ ሰፊው። «አሁንም ደህና ትነሳለች።»

«አሁንም?» አለች ልጅቷ።

«አይ… አሁን ማለቴ ነው፤ አሁን።»

እናቷ ከበረንዳው ወርዳ መጣች። «የመኪናዋ በር ተከፍቷል እኮ፣ አደጋ አለው» አለችና በቀኝ በኩል ዞራ፣ ዓይኗን ልጅቷ ላይ እንዳደረገች፣ እጇን ወደ እጀታው ሰደደች።

ከፍ። ሳብ። ጠቅ።

ልጅቷ ቁልፉን መለሰችው። ሞተሩ ጠፋ። ግቢው ውስጥ የቀረው የሰፈሩ ልጆች የኳስ ጩኸት ብቻ ነው።

«እማዬ፣ መቼ ተማርሽው?»

«ምኑን?»

«በሩን።»

የእናቷ እጅ እጀታው ላይ ቀረ። እናቷ አባቷን አየች። አባቷ ልብስ ሰፊውን አየ። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አዩ፤ ቁጥር እንደጠፋበት ሰው አገላብጠው አዩት። ኳሷን ተቀባበሏት ተቀባበሏትና የሚያገባት ጠፋ።

«እኔ እንኳ ሱሪ የሚጠብቀኝ ደንበኛ አለኝ» አሉ ልብስ ሰፊው። «ሱሪ ደግሞ… ያው ሱሪ ነው።» ወጥተው ሄዱ።

«ረዳቴ፣ ስሚኝ» አለ አባቷ።

«እየሰማሁ ነው።»

«ሞተሪኖው በመሃል መጣ። ሽቦ ጠምዛዡ ቀድሞ ጨረሰው፤ እኔም ከሰዓት ተረኛ ነበርኩ። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ለማየት ብቻ! ገጠምኩት። ቁልፉን ስነካው… ተነሳ።» ድምፁ ሳያስበው ሞቅ አለ። «ብትሰሚው! ሁለት ጊዜ አሳላት፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ እንደ ንብ እምም አለች። አላስቻለኝም። እናትሽ ሳፋዋን ይዛ ወጣች፤ ግቢ አልኳት። እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሰን ተመለስን። ይኸው ነው። አንድ ዙር ነው።»

ሁለት ጊዜ አሳላት። ልጅቷ ልትሰማው የጠበቀችው ያንን ሳል ነበር።

«ስንመለስ የፊት ፍሬኑ ፂጥ ፂጥ አለ» ብሎ ቀጠለ አባቷ፤ ሰው ዝም ሲለው ብዙ የሚያወራ ዓይነት ነው፤ ልጁም በሱ ወጥታለች። «ጎማውን ፈትቼ አየሁት፣ መለስኩት። መስመሮቹ ተሰበሩ። እንዳይከፋሽ ብለን ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ዛሬም ያው ያንቺ ቀን ነው፤ ማን ይወስድብሻል?»

«ራስሽ ቀብተሻት ነው አልከኝ።»

አባቷ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ጭንቅላትሽ ሞልቷል አልከኝ። ፈተና ላይ ቁጭ ብዬ እሱን ነው ሳስብ የነበረው። ነካ አደረገኝ እንዴ ብዬ። ሰው ያልቀባውን የቀባ ይመስለዋል አልከኝ፤ እጅህን እየጠረግክ!»

«ልጄ፣ በሱ አትፍረጂ» አለች እናቷ። ልታረጋጋ ብላ ገባች፤ እሳት ላይ በቤንዚን ገባች እንጂ። «የቀባሁት እኔ ነኝ። የሱ ጣት እንዲህ ያለውን ስለማይችል ነው። አራቱን ልክ እንደነበሩ አድርጌ አሰመርኳቸው፤ ከዚያ አምስተኛዋን ሳይ ባዶ ናት። ልጄ ረስታት ነው፣ አባቷ አይቶ እንዳይቆጣት ብዬ እኮ… ‹ይቺኛዋስ?› ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

እናቷ ያን ጊዜ ነው የባሏን ፊት ያየችው። ምን እንደነካች ባታውቅም፣ አንድ ነገር እንደነካች ገባት። ድምፏ ወረደ።

«‹ቀቢያት› አለኝ።»

ቀቢያት።

ልጅቷ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ደብቆኛል ብላ ነበር የተናደደችው። የሚደብቅ ሰው እኮ የሚደብቀውን ያስታውሳል። እሱ ግን ተጠይቆ፣ አጠገቧ ቆሞ እያያት፣ ያቺን ብሎን ከሌላ ብሎን አልለያትም። በየቀኑ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቁጢጥ የምትልላትን ብሎን፣ እሱ ጎማ የምትይዝ ብረት አድርጓት ቀርቷል።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ‹ለልጅቷ እንዳትነግሪ› ብሎሻል አይደል?»

«እ… እንዲያው እንዳይከፋሽ…»

«ሲልሽ ጠቀሰሽ? በግራ ዓይኑ?»

የእናቷ ጉንጭ ቀላ፤ እዚያ ዕድሜ ላይ የደረሰች ሴት እንደዚያ ትቀላለች ብላ ልጅቷ አስባ አታውቅም። ያ መልስ ይበቃል። ያቺን ጥቅሻ ለሷ ብቻ የተሰጠች አድርጋ ነበር ይዛት የኖረችው። አባቷ ግን የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ፌርማታው ላይ የቆመ ሰው ካየ ለማንም በሩን ይከፍታል።

ከመኪናዋ ወጣች።

«በነገራችን ላይ እማዬ» አለች፣ ዞር ሳትል፣ «ያኔ ሾርባሽ ቤንዚን ቤንዚን ያለሽ፣ ትልቁ ድስት ውስጥ ካርቡራተር ቀቅለንበት ነው።»

«ምን?!»

«ሽንኩርቱ አይደለም። ሽንኩርቱ ደህና ነበር።»

«ረዳቴ!» አለ አባቷ፣ እንደተከዳ ሰው። እሱ! እንደተከዳ ሰው!

«አንተ!» አለች እናቷ፣ ወደ ባሏ ዞራ። «ልጆች በሚበሉበት ድስት?»

«አንዲት ልጅ ናት ያለችን…»

«እና እሷን ቤንዚን አበላሃት!»

ልጅቷ ጭቅጭቁን ትታላቸው ዳሷ ውስጥ ገባች። የቲነሩን ጠርሙስ ከየት እንደምታነሳው ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ጨርቅ አራሰች፤ መጥታ የቀኙ የፊት ጎማ ሥር ቁጢጥ አለች። አምስተኛዋን ብሎን ጠረገቻት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ጫፏን በጥፍሯ። ቀዩ እየሟሟ ጨርቁ ላይ ሄደ። ብሎኗ እንደ ጥንቷ ራቁቷን ቀረች። ሌሎቹን አራት አልነካቻቸውም፤ እነሱ ጠብቀዋል፣ ውሸት የለባቸውም።

ጭቅጭቁ ቆሟል። ሁለቱም ያዩዋታል።

«ልክ ነሽ» አለ አባቷ በቀስታ። «እንደገና እንጀምር። ቁልፉን አዙሪ፣ እንሂድ፣ ስንመለስ ትቀቢያታለሽ። እ? እንዳልነው።»

ልጅቷ ከቆርቆሮዎቹ መሃል ቀይዋን የጥፍር ቀለም አነሳች። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት፤ ከታች ትንሽ ቀርታለች። በረንዳው ደረጃ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ክዳኑን ከፈተች። ከአውራ ጣቷ ጀመረች። ዘይት የገባባቸው፣ የተቆራረጡ፣ አንዱ በመዶሻ ጠቁሮ የቀረ ጥፍሮች ናቸው፤ ቀለም አይተው አያውቁም። ስታሰምር እንደኖረችው ቀስ ብላ፣ ሳታስተርፍ፣ አንድ በአንድ። እጇ ሲያልቅ ወደ እግሯ ወረደች።

እናቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች። «የኔ ቀለም እኮ ነው እሱ» አለች።

«ወንበሩም የኔ ነበር።»

እናቷ ደረጃው ላይ ልትቀመጥ ጎንበስ አለችና ተወችው። ወደ ልብሶቿ ሄደች። የደረቀውንም ያልደረቀውንም ከገመዱ ማውረድ ጀመረች።

አባቷ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳ። እምም አለች፤ እውነትም እንደ ንብ። ከጎኑ ያለው አዲሱ ወንበር ባዶውን ያብለጨልጫል። ልጅቷ ብሩሿን ጠርሙሱ ሥር አዙራ አዙራ ፋቀች፤ የመጨረሻዋ ጠብታ የትንሿ ጣቷ ጥፍር ላይ አለቀች። ባዶዋን ጠርሙስ ዘቅዝቃ ደረጃው ላይ አቆመቻት፤ አባቷ እንዲያያት አድርጋ።

አያት።

«ነይ እንጂ ረዳቴ» አለ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «አንድ ዙር። አንድ ዙር ብቻ።»

«ጥፍሬ አልደረቀም» አለች ልጅቷ።

ጠበቃት። ፀሐይዋ ደረጃው ላይ ተሰጥታለች፤ ሞተሩ እምም ይላል፤ የግቢው በር እንደተከፈተ ነው። ትንሽ ቆይቶ «አሁንስ?» አላት።

ልጅቷ ጣቶቿን ዘርግታ እፍ አለችባቸው። «አልደረቀም።»

ደርቆ ካለቀ ቆይቷል።